ሲሄድ ባዶ፣ ሲመለስ ሙሉ፦ የሐቡር መንገድና የተጨማሪ ሳልባትዮ ታሪክ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ተነስቶ ወደ ሰሜን ኢራቅ የሚሻገር የጭነት መኪና ከላይ ሲያዩት ምንም ልዩ ነገር የለውም። ዱቄት፣ ስኳር ወይም ሲሚንቶ ጭኗል። ጉዱ ያለው ከታች ነው። ጎንበስ ብሎ ሻንሲውን ለተመለከተ፣ ፋብሪካው ከሠራው የነዳጅ ታንክ ሌላ በላሜራ የተበየዱ ትልልቅ ሳጥኖች ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ተንጠልጥለዋል። ሲሄድ ካሶኒው ሙሉ፣ ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው። ሲመለስ ደግሞ ካሶኒው ባዶ ሆኖ ሳጥኖቹ በናፍጣ ተሞልተዋል።

ይህ ነገር በድብቅ የተሠራ አይደለም። በቀን ብርሃን፣ በኬላ፣ በወታደርና በጉምሩክ ሠራተኛ ፊት ለዓመታት ሲካሄድ የኖረ ንግድ ነው። በዚያን ጊዜ ኢራቅ በዓለም ላይ እጅግ ጥብቅ ከሚባሉት ማዕቀቦች በአንዱ ሥር ነበረች። ከሀገሪቱ ነዳጅ መግዛት በተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ክልክል ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ናፍጣ በማን ፈቃድ ወጣ?

(ከዚህ በታች ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ዓ.ም. ተብሎ ተለይቷል።)

ለኢትዮጵያ ሾፌር ነገሩ እንግዳ አይደለም። የነዳጅ ታንክን ከጣልያንኛ ወርሶ ሳልባትዮ ይለዋል። ሳልባትዮ መኪናው ሩቅ እንዲሄድ ብቻ የተሠራ ዕቃ እንዳልሆነም ያውቃል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በሀገር ውስጥና በጎረቤት ሀገራት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነዳጁን በኮንትሮባንድ ወደ ውጭ እየጎተተው ነው የሚል ነበር። ነዳጅ በጀሪካን አትቅዱ የሚለው ክልከላም ከዚሁ ሥጋት ጋር የተያያዘ ነው። የሐቡር ታሪክ የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ ነው፤ ምናልባትም በደንብ የተመዘገበው።

ቧንቧው ሲዘጋ

ሐቡር ቱርክንና ኢራቅን በሚለየው የኻቡር ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ ነው። በቱርክ በኩል ያለው ኬላ ሐቡር፣ በኢራቅ ኩርዲስታን በኩል ያለው ደግሞ ኢብራሂም ኸሊል ይባላል። በቱርክ በኩል የሲሎፒና የጂዝሬ ከተሞች፣ በኢራቅ በኩል ዛኮ ይገኛሉ። መንገዱ በከባድ መኪና መጨናነቅ የጀመረው በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1980 እስከ 1988 ነው። ጦርነቱ የኢራቅን ወደቦች ዘጋ። ሶሪያም ለኢራን አግዛ በ1982 በግዛቷ የሚያልፈውን የኢራቅ ነዳጅ ቧንቧ ዘጋች። ለባግዳድ የቀራት ዋናው መተንፈሻ ቱርክ ነበረች። በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ብዙ ሰው መሬቱን፣ ከብቱን፣ የሚስቱን ወርቅ ሳይቀር እየሸጠ የጭነት መኪና የገዛው በዚህ ዘመን ነው።

ከመኪናው ጎን ለጎን ቧንቧም ነበር። ከኪርኩክ ተነስቶ በሜዲትራኒያን ዳር እስከ ጄይሃን የሚደርሰው መስመር በ1977 ሥራ ጀመረ። በ1987 ሁለተኛ መስመር ተጨመረለት። ሁለቱ አንድ ላይ በቀን አንድ ሚሊዮን ተኩል በርሜል ገደማ ድፍድፍ የማስተላለፍ አቅም ነበራቸው፤ ቱርክም የማስተላለፊያ ኪራይ ትሰበስብ ነበር።

ነሐሴ 2 ቀን 1990 ሳዳም ሁሴን ኩዌትን ወረረ። ከአራት ቀን በኋላ የፀጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 661 ሙሉ ማዕቀብ ጣለ። የፕሬዚዳንት ቱርጉት ኦዛል መንግሥትም ወዲያው ቧንቧውን ዘጋ። ኦዛል ከምዕራባውያን ጎን በመቆማቸው ሀገራቸው የምትክሰው እንደማይጠፋ ተስፋ አድርገው ነበር። ካሣው ግን ከጠበቁት በታች ሆነ። ቱርክ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ማዕቀቡ ያደረሰባት ኪሳራ በአሥር ቢሊዮኖች ዶላር እንደሚቆጠር ስትናገር ኖራለች። ኪሳራው በአንካራ መዝገብ ላይ ቁጥር ነበር። በጂዝሬ ግን ቤት ደጅ የቆመ መኪና፣ ያልተከፈለ የባንክ ዕዳ፣ ሥራ የፈታ ሾፌር ነበር። በዚያ ላይ በቱርክ ጦርና በኩርዲስታን ሠራተኞች ፓርቲ ታጣቂዎች መካከል የሚካሄደው ውጊያ መንደሮችን ባዶ እያደረገ፣ እረኛውን ከግጦሹ እያፈናቀለ ነበር።

ድንበሩን ተሻግሮ ያለው ሕዝብ ኑሮ ከዚህም የከፋ ነበር። ከ1991ዱ አመፅና ስደት በኋላ ሳዳም በዚያው ዓመት ጥቅምት ጦሩንና አስተዳደሩን ከሦስቱ የኩርድ አውራጃዎች አስወጣ። ደመወዝ አቋረጠ፣ እህልና ነዳጅ እንዳይገባም ከለከለ። ሰሜን ኢራቅ በድርብ ማዕቀብ ውስጥ ገባ። ዓለም ኢራቅን ዘግቷል፤ ባግዳድ ደግሞ ኩርዶችን።

ሁለት የተራቡ ወገኖች በአንድ ድልድይ ግራና ቀኝ ቆሙ። አንዱ ጋ ባዶ መኪናና ዱቄት አለ፤ ሌላው ጋ ርካሽ ናፍጣ አለ። የቀረው በያጅ ብቻ ነበር።

የበያጁ ሥራ

ለምን ናፍጣ? ለምን ቤንዚን አልሆነም? መልሱ ግማሹ ኬሚስትሪ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳን በእሳት የሚያያዝ ትነት ያወጣል። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ አይያያዝም። በጋራዥ የተበየደ፣ ሙከራ ያላለፈ፣ በጉድጓድ መንገድ የሚንገጫገጭ ሳጥን ቤንዚን ተሸክሞ ብዙ ርቀት አይሄድም። ናፍጣ ግን ይታገሣል። ግማሹ መልስ ደግሞ መኪናው ራሱ ናፍጣ የሚጠጣ መሆኑ ነው፤ ሾፌሩ ሲጠየቅ «ለሞተሬ ነው» ሊል ይችላል።

«ለሞተሬ ነው» የምትለው ቃል የዚህ ንግድ ሁሉ ማዕዘን ናት። ተጨማሪው ታንክ ከዋናው ጋር በቱቦና በመዝጊያ ከተያያዘ የመኪናው አካል ነው ማለት ይቻላል። ካልተያያዘ ግን ጭነት ነው፤ ጭነት ደግሞ ቀረጥ አለው። ስለዚህ ቱቦዋ ጠባብ ብትሆንም ትርጉሟ ሰፊ ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ይመዝናል። ለምሳሌ 4,000 ሊትር የሚይዙ ሳጥኖች ሲሞሉ ከሦስት ቶን ተኩል ትንሽ ያነሰ ክብደት በሻንሲው ላይ ይጨምራሉ። ውስጡ በመከፋፈያ ላሜራ ካልተከፈለ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ፈሳሹ በአንድ ጊዜ ወደፊት ይንደረደርና መኪናውን ይገፋዋል። በመታጠፊያም ወደ ጎን ይጥለዋል። መተንፈሻ ከሌለው ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዳ ይጨማደዳል። ማንጠልጠያው ከላላ ድንጋይ ይመታዋል። ቀድሞ ነዳጅ የነበረበትን ታንክ በደንብ ሳያጥቡ መበየድ ደግሞ የብዙ ሀገር በያጅ ሕይወቱን ያጣበት ጥፋት ነው።

በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር የሚጠጣ መኪና በ4,000 ሊትር ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከሐቡር ኢስታንቡል ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ይህን ሁሉ «ለሞተሬ ነው» የሚል ሾፌር እንደሚዋሽ የጉምሩክ ሠራተኛው ያውቃል። ሾፌሩም ሠራተኛው እንደሚያውቅ ያውቃል። ሁለቱም ግን መንገዱ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ፤ አለቆቻቸውም እንዲሁ።

ሁሉም ያውቅ ነበር

ባግዳድ ታውቃለች፤ ናፍጣው የሚመጣው እሷ ከምትቆጣጠራቸው ማጣሪያዎች ነውና። በሰሜን ላይ የጣለችውን ማዕቀብ ራሷ እየበሳች ዕቃና ገንዘብ ታገኝበታለች። አንካራ ታውቃለች፤ የተጣላችው ክልል ሰው ሥራ አግኝቶ ቢውል ይሻላታል። የተባበሩት መንግሥታት የማዕቀብ ኮሚቴም ያውቃል። ዮርዳኖስ ከኢራቅ ነዳጅ መግዛቷን ስታሳውቅ ኮሚቴው ሳይፈቅድም ሳይከለክልም «ማስታወሻ ይዣለሁ» ብሎ አልፏት ነበር። ቱርክም ተመሳሳይ ነገር ጠየቀች፤ በይፋ አልተሰጣትም። በተግባር ግን ማንም አላስቆማትም።

ዋሽንግተን ታውቃለች፤ ከሁሉም በላይ ያወቀችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። የአሜሪካና የብሪታኒያ የጦር አውሮፕላኖች ከቱርኩ የኢንጂርሊክ ጣቢያ እየተነሱ በየጊዜው ሰሜን ኢራቅን ይቃኙ ነበር። የሳዳም አውሮፕላን እንዳይነሳ ሰማዩን ሲጠብቁ፣ ከሥራቸው ኪሎ ሜትሮች የረዘመ የመኪና ሰልፍ የማዕቀቡን ናፍጣ ተሸክሞ ይሳብ ነበር። የአሜሪካ ሕግ ማዕቀቡን ለሚጥስ ሀገር እርዳታ እንዳይሰጥ ይደነግግ ነበር። በዲሞክራቱም በሪፐብሊካኑም አስተዳደር ዘመን ለቱርክና ለዮርዳኖስ ግን «ለብሔራዊ ጥቅማችን ሲባል» የሚል ማለፊያ ለምክር ቤቱ ሲጻፍ ኖሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኢንጂርሊክ ከተዘጋ ሰማዩን የሚጠብቅ አይኖርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ይህ ማዕቀብ የኢራቅን ሕፃናት መድኃኒትና ምግብ እንዳሳጣ በዚያው ዘመን ሲጮኽበት የነበረ ማዕቀብ ነው። ለእነዚያ ቤተሰቦች ሕጉ ጥብቅ ነበር። ለወዳጅ ሀገር ሳልባትዮ ግን ክፍተት ተገኘለት። ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ «ነዳጅ ለምግብ» በተባለው ፕሮግራም የተፈጸመውን ሙስና የመረመረው የፖል ቮልከር ኮሚቴ በ2005 የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ። ሳዳም ከፕሮግራሙ ውስጥ በጉቦና በተጨማሪ ክፍያ የሰበሰበው 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከፕሮግራሙ ውጭ በድንበር ንግድና በኮንትሮባንድ ያገኘው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጋዜጦቹን የፊት ገጽ የያዘው ግን ትንሹ ቁጥር ነበር።

ናፍጣ ያቀጣጠለው ጦርነት

ከድልድዩ ማዶ ቀረጥ የሚሰበስበው የማስዑድ ባርዛኒ የኩርዲስታን ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ነበር። ድንበሩ በእጁ ነውና። የጀላል ታላባኒ የኩርዲስታን አርበኞች ኅብረት ደግሞ መሠረቱ ሱለይማኒያ በኩል ነው፤ ከሐቡር ሩቅ። በግንቦት 1992 ምርጫ ሁለቱ ድምፁን እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል ውጤት ተካፍለው የጋራ መንግሥት መሥርተው ነበር። የኢብራሂም ኸሊልን ገቢ ግን መካፈል አልሆነላቸውም። ለዚያ ድሃ ክልል ከኬላው የሚገኘው ገንዘብ ከሁሉ የበለጠ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነበር።

በግንቦት 1994 ተኩስ ከፈቱ። ጠባቸው በገንዘብ ብቻ ነበር ማለት ስህተት ነው፤ የቆየ የመሪነት ቂምም ነበረበት። ሆኖም በእያንዳንዱ የሽምግልና ጠረጴዛ ላይ የሐቡር ቀረጥ ተመልሶ ይቀርብ ነበር። ነሐሴ 31 ቀን 1996 ባርዛኒ ከታላባኒ እጅ ኤርቢልን ለመንጠቅ የሳዳምን ጦር ጠሩ። በ1988 በአንፋል ዘመቻ ኩርዶችን የፈጀው ጦር በታንኩ ወደ ኩርዶች ዋና ከተማ ገባ። አማርኛ ለነዳጁም ለጦሩም ዕቃ «ታንክ» የሚል አንድ ቃል መጠቀሙ እዚህ ላይ ከአጋጣሚ በላይ ይመስላል።

መስከረም 17 ቀን 1998 ሁለቱ መሪዎች በዋሽንግተን ሲታረቁ ከስምምነቱ ዋና ዋና ነጥቦች አንዱ የገቢ ክፍፍል ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ የሞተው ሰው በሺዎች ይቆጠራል።

ዳኞች ስለ ታንክ ሲከራከሩ

በዚያው ዘመን አውሮፓም ስለ ተጨማሪ ታንክ ትጨነቅ ነበር። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1968 ባወጣው መመሪያ የጭነት መኪና በታንኩ ይዞት ድንበር ከሚሻገረው ነዳጅ ቢያንስ 50 ሊትሩ ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን ደነገገ። በ1985 ወደ 200 ሊትር ከፍ አለ። የውስጥ ድንበሮች ከተከፈቱ በኋላ በአባል ሀገራት መካከል ጥያቄው የሊትር መሆኑ ቀርቶ «ታንኩ መደበኛ ነው ወይ?» የሚል ሆነ። መደበኛ ማለት ፋብሪካው ለዚያ ዓይነት መኪና ሁሉ የሚገጥመው ማለት ነው። ናፍጣ ርካሽ ከሆነባት ከሉክሰምበርግ ቀድቶ ወደ ጎረቤት መንዳት ለትራንስፖርት ድርጅት ትርፍ ነው፤ ትልቅ ታንክ ማስገጠም ደግሞ ትርፉን ያበዛዋል።

በ1998 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ከቤልጂየም በመጣ ጉዳይ፣ ከፋብሪካው ውጭ በአከፋፋይ ወይም በቦዲ ሠሪ የተገጠመ ታንክ መደበኛ አይባልም ብሎ ፈረደ። ከ16 ዓመት በኋላ በ2014፣ ከጀርመን በመጣ ሌላ ጉዳይ፣ ታንኩ በቋሚነት ተገጥሞ ለራሱ ለመኪናው ሞተር የሚያገለግል ከሆነ ሌላ ሰው ስለገጠመው ብቻ ነፃነቱን ማጣት የለበትም አለ። ዛሬ መኪና በፋብሪካ ብቻ ተሠርቶ አያልቅም የሚለው ክርክር አሸነፈ። በሐቡር ድልድይ ላይ «ለሞተሬ ነው» ይባል የነበረው ነገር በሉክሰምበርግ ችሎት በጠበቆች አንደበት ተደገመ። እዚያ ቅጣቱ የቀረጥ ደረሰኝ ነው። በሐቡር በኩል የነበረው ሌላ ነው።

ሳልባትዮው ሲቆረጥ

አንካራ ንግዱን በአንድ እጅ እየፈቀደች በሌላው ታጠብበው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገደቡ እየጠበቀ ሄደ። የቱርክ ነዳጅ አከፋፋዮች ቀረጥ ያልተከፈለበት ናፍጣ ገበያቸውን እየበላ መሆኑን ይናገሩ ነበር። በ2001 ሀገሪቱ በከባድ የገንዘብ ቀውስ ስትመታ መንግሥት የሚያልፈውን እያንዳንዱን ቀረጥ መቁጠር ጀመረ። በነሐሴ 2002 ልዩ የፍጆታ ታክስ ሲመጣ ነዳጅ የግምጃ ቤቱ ዋና ላም ሆነ። ትናንት የክልሉን ሰው ያኖረ ሳልባትዮ ዛሬ ከመንግሥት ኪስ የሚሰርቅ ተባለ። ዕቃው አንድ ነው፤ የተለወጠው የአንካራ ሒሳብ ነው። ሳጥኑን ለማስገጠም የተበደረው ሰው ግን ዕዳው አብሮ አልተሰረዘለትም።

ከ2003ቱ የአሜሪካ ወረራ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የኢራቅ ማጣሪያዎች በጉዳትና በመብራት እጥረት ሲንገዳገዱ፣ በነዳጅ ላይ የተኛችው ሀገር ቤንዚንና ናፍጣ ከቱርክ በቦቴ ማስገባት ጀመረች። በሐቡር ሙሉ ሆኖ የሚገባው ባዶ ሆኖ መመለስ ጀመረ። ባግዳድ ግን ቤንዚንን በሊትር 20 ዲናር፣ ከሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ባነሰ ዋጋ ትሸጥ ነበር። በውድ ገዝታ በነፃ እንደመስጠት ነው። የገባው ነዳጅ ከፊሉ ተመልሶ በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር። በታኅሣሥ 2005 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተደረገ ስምምነት ዋጋው እንዲጨምር ተደረገ።

በቱርክ የነዳጅ ታክስ በየጊዜው ሲጨምር፣ በድንበሩ ማዶና ማዶ ያለው የዋጋ ልዩነት መልሶ ሰፋ። የጭነት መኪናው መንገድ ግን ጠብቧል። ስለዚህ ከሐቡር በስተምሥራቅ ባሉ ተራሮች ሌላ መጓጓዣ ሥራውን ተረከበ፤ በቅሎ። በግራና በቀኝ ጀሪካን የታሰረባት በቅሎ ሻንሲም ቱቦም የላትም፤ «ለሞተሬ ነው» ማለትም አይቻልም። በሽርናክ አውራጃ ያሉ የድንበር መንደሮች ልጆች ሌሊት ተሻግረው ናፍጣና ሲጋራ ጭነው ይመለሱ ነበር። መንገዱንና ሰዎቹን በአካባቢው ያሉት የድንበር ጠባቂዎች ያውቋቸዋል።

ታኅሣሥ 28 ቀን 2011 ሌሊት ሰው አልባ አውሮፕላን አንድ የሰዎችና የበቅሎዎች ጓድ ከኢራቅ በኩል ሲመጣ አየ። የቱርክ ተዋጊ ጄቶች ታጣቂዎች ናቸው በሚል ደበደቧቸው። በሮቦስኪ መንደር አቅራቢያ 34 ሰዎች ሞቱ፤ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ነበር፤ ብዙዎቹም የአንድ ቤተሰብ ዘመዳሞች ናቸው። ሬሳውን ዘመዶቻቸው በተረፉት በቅሎዎች ጭነው ወደ መንደር አወረዱ። በጥር 2014 የጦር ሠራዊቱ ዐቃቤ ሕግ ሊወገድ የማይችል ስህተት ነው ብሎ ማንም እንዳይከሰስ ወሰነ። በግንቦት 2018 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አቤቱታውን ሳይመረምር ዘጋው፤ ምክንያቱ ጠበቆቹ ለቱርክ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሰነድ ዘግይተው በማስገባታቸው የሀገር ውስጡ መንገድ በአግባቡ አልተሟጠጠም የሚል ነው። ከሟቾቹ ቤተሰቦች ብዙዎቹ መንግሥት ያቀረበውን ካሣ አንቀበልም ብለዋል፤ የጠየቁት የአዛዡን ስም ነበር።